ጎረቤትና ባልንጀራ፤ የከተማ ኑሮ በሰው ጠባይ ላይ ስላለው ኃይል

የሰው ባሕርይ አንድ ነው፤ ጠባዩ ግን ብዙ ነው። ባሕርይን እግዚአብሔር በፍጥረት ይሰጣል፤ ጠባይ ግን በልማድ ይቀረጻል፤ ልማድም ከሚኖሩበት ስፍራና አብሮ ከሚኖር ሰው ይቀዳል። ደገኛና ቈለኛ፣ ገዳማዊና ዓለማዊ፣ ባላገርና ከተሜ ሁሉም የአንድ አዳም ልጆች ሆነው ሳሉ በአነጋገር፣ በአረማመድ፣ እንግዳን በመቀበልና ሐዘንተኛን በማጽናናት የሚለያዩት ስለዚህ ነው። እንግዲህ በዚህ ትምህርታችን የከተማ ኑሮ የሰውን ጠባይ ወዴት እንደሚስበው፤ ክርስቲያንም በዚህ ስበት መካከል እንዴት ሊቆም እንደሚገባው፤ በተለይም ካህናት ከሆንነው ምን እንደሚጠበቅ ለመመርመር አስበናል።

ይህን ስንል ከተማን ለመንቀፍና ባላገርን ለማመስገን አይደለም። እንዲህ ያለው ንግግር ለሰሚ ጆሮ የሚጥም ቢሆንም እውነትነቱ ግማሽ ነው። ከዚህም ሌላ ብዙዎቻችን የምንኖረውና የምናገለግለው በከተማ ስለ ሆነ፤ በበላንበት ወጭት ሰባሪ መሆን አይገባንም። የሚገባን የስፍራውን ጠባይ ዐውቀን ለነፍስ የሚጠቅመውን ከሚጎዳው መለየት ነው።

ስለ ቃላቱ ትርጓሜ

አስቀድመን ቃላቱን እንመልከት። ከተማ የሚለው ስም ከተመ ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ነው፤ ከተመ ማለትም ጕዞውን ገታ፣ ድንኳኑን ተከለ፣ ተቀመጠ ማለት ነው። ሰፈርም እንዲሁ ሰፈረ ካለው ወጥቶ የመንገደኛ ወይም የሠራዊት ማረፊያ መሆኑን ያመለክታል። ስለዚህ ሁለቱም ስሞች ነዋሪዎቻቸው ከሌላ ስፍራ የመጡ እንግዶች መሆናቸውን ይነግሩናል። ከተሜ ማለት ከዚያው የበቀለ ሳይሆን መጥቶ የከተመ ነው።

ጎረቤት የሚለውም ቃል በግእዝ ጎር ከተባለው የመጣ ነው፤ ጎር በአጠገብ የሚኖር፣ ቤቱ ከቤትህ የተጠጋ ሰው ነው። ሌላው ቃል ቢጽ ነው፤ ይህም ባልንጀራ፣ ወዳጅ ተብሎ ይተረጐማል። ጎርን የሚሰጥህ ስፍራ ነው፤ ቢጽን የሚሰጥህ ግን ፍቅር ነው። የሕግ ዐዋቂው ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ በጠየቀ ጊዜ ጌታችን የሰፈሩን ሰዎች አልቈጠረለትም፤ በወገንና በአምልኮ የተለየው ሳምራዊ ለቈሰለው ሰው ባልንጀራ እንደ ሆነው አሳየው እንጂ (ሉቃ. 10፥25-37)። በዚያው መንገድ ያለፉት ካህኑና ሌዋዊው አይተውት ነበር፤ ለዐይን ቀርበውት ነበር፤ በልብ ግን አልቀረቡትም። ይህን ልዩነት አጥብቀን እንያዝ፤ የትምህርታችን ሁሉ መሠረት ነውና። የከተማ ነገር ባጭሩ ሲነገር ጎሩ ይበዛል፤ ቢጹ ግን ያንሳል።

መጻሕፍት ስለ ከተማ የሚናገሩት

የመጀመሪያይቱን ከተማ የሠራ ቃየን ነው፤ በልጁም በሄኖክ ስም ጠራት (ዘፍ. 4፥17)። ወንድሙን ገድሎ፣ ስለ ወንድሙም ሲጠየቅ ጠባቂው እንዳልሆነ የመለሰ ሰው ከተማ መቈርቈሩ አስተዋይ ሰው ዝም ብሎ ሊያልፈው የማይገባ ነገር ነው። በሰናዖር ሜዳ የተሰበሰቡትም ስማቸውን ለማስጠራት ከተማና ግንብ ሲሠሩ ቋንቋቸው ተደባለቀ (ዘፍ. 11፥1-9)፤ ጎን ለጎን ቆመው ሳሉ መግባባት ተሳናቸው። ስለ ሰዶም ብዙ ሰው የሚያስበው አንዱን ኃጢአት ብቻ ነው፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል ግን ትዕቢትን፣ የእንጀራ ጥጋብን፣ ተዘልሎ መቀመጥንና የችግረኛውን እጅ አለማበርታትን ይቈጥርባታል (ሕዝ. 16፥49)። ሰዶም የጠፋችው ጎረቤቷን ባለማየቷም ጭምር ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መጻሕፍት በዚህ አያቆሙም። ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከደም ተበቃይ የሚያመልጥባቸውን ስድስት የመማፀኛ ከተሞች እግዚአብሔር ራሱ አዘዘ (ዘኍ. 35፥9-15)። ዮናስ ነነዌ ስላልጠፋች ባዘነ ጊዜ እግዚአብሔር በዚያች ከተማ ከ120,000 የሚበልጡ ቀኛቸውንና ግራቸውን የማይለዩ ሰዎች እንዳሉ ነገረው (ዮና. 4፥11)፤ ዮናስ ከተማን አየ፤ እግዚአብሔር ግን ሰዎችን ቈጠረ። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ስለዚያችም የባዕድ ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ላከባቸው (ኤር. 29፥4-7)። ጌታችን ኢየሩሳሌምን አይቶ አለቀሰላት (ሉቃ. 19፥41)። መንፈስ ቅዱስም የወረደው በበረሃ ሳይሆን ከየሀገሩ የመጡ ልዩ ልዩ ቋንቋ ተናጋሪዎች በተሰበሰቡባት ከተማ ነው (ሐዋ. 2፥1-11)፤ በባቢሎን የተለያየው በኢየሩሳሌም ተገናኘ።

ከዚህ የምንረዳው ከተማ በመጽሐፍ ዘንድ ሁለት መልክ እንዳላት ነው። አንዱ የቃየን መልክ ነው፤ ወንድሙን የማይጠብቅ ሰው መኖሪያ። ሁለተኛው የመማፀኛ መልክ ነው፤ ዘመድ ያጣ ሰው ዘመድ የሚያገኝባት። የትኛው መልክ እንዲያሸንፍ የሚወስኑት ድንጋይና ስሚንቶ አይደሉም።

የአዲስ አበባ ምሳሌ

ነገሩን በአየር ላይ እንዳንተወው በቅርብ የምናውቃትን አዲስ አበባን ምሳሌ እናድርግ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ በታች በፍል ውሃ አካባቢ ካስቈረቈሯት ወዲህ የተስፋፋችው በሰፈር በሰፈር ነው። መኳንንቱ በየተመሩት ቦታ ከነሠራዊታቸውና ከነአገልጋዮቻቸው ሰፈሩ፤ ራስ ካሣ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ምስክሮች ናቸው። ሠራተኛ ሰፈርም የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ስለ ሆነ እንዲሁ ተባለ። በአንድ ሰፈር ውስጥ የጌታው አዳራሽና የአሽከሩ ጎጆ አጥር ለአጥር ተጠግተው ይቆሙ ነበር። ይህ ማለት ሰፈሩ የፍቅር ገነት ነበረ ማለት አይደለም፤ ጌታውና አሽከሩ በአንድ ገበታ አይቀመጡም ነበር። ነገር ግን ሀብታሙ የድኻውን ልቅሶ ሳይሰማ ሊያድር አይችልም ነበር።

ከየሀገሩ የመጡትን ሰዎች አንድ ጭንቀት ይዟቸው ነበር። በባላገር ሰው ሲሞት የሚያነሣው ዘመዱና ደብሩ ነው፤ በከተማ ግን የጎጃሙ ከጉራጌው፣ የመንዙ ከወለጋው ጋር ተጎራብቶ ሲኖር ሬሳን ማን ያንሣ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሆነው ዕድር ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ወርኃዊው መዋጮ፣ ዳኛውና ጸሐፊው፣ ስም የሚጠራበት መዝገብ ሁሉ በደንብ ተወሰነ። ይህን ልብ ብለን ብናስተውለው ዕድር እንግዶች ባልንጀርነትን በደንብ ጽፈው የሠሩት የከተማ ሥራ ነው። በብዙ ሰፈርም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ዕድር ተመዝግበው እርስ በርሳቸው ይቀባበራሉ። እንግዲህ ከተማ ፍቅርን ያጠፋል ብለን ከመፍረዳችን በፊት፤ ከተማ ያስጨነቃቸው ሰዎች ይህን የሚያህል ነገር እንደ ወለዱ ማስታወስ ይገባናል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት በሆነ ጊዜ ባለቤትነቱ ተለወጠ፤ ሰፈሩ ግን እንደ ተደባለቀ ቀረ። የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ፣ በአንድ መጸዳጃ ቤት ይገናኙ ነበር። ይህ መገናኘት ከእጦት የመጣ ስለ ሆነ ማንም ሊናፍቀው አይገባም፤ ሆኖም በዚያው ጠባብ ግቢ ውስጥ እሳት የጠፋባት ከጎረቤቷ ፍም ትወስዳለች፤ በሌሊት ልጅ የታመመባት ግድግዳ ትመታለች፤ ግድግዳውም ስስ ስለ ሆነ ይሰማል።

ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ሕዝቡ ኮንዶሚኒየም የሚላቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶች በሰፊው መሠራት ጀመሩ። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ የሚባሉት ስፍራዎች ቀድሞ እርሻና ሜዳ ሳሉ በአጭር ጊዜ ከተማ ሆኑ። ቤቱ የሚተላለፈው በዕጣ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ደስ ይለዋል፤ ደስ ሊለውም ይገባዋል፤ የራሱን በር፣ የራሱን ውሃ፣ የራሱን መጸዳጃ አግኝቷልና። ነገር ግን ዕጣ ጎረቤትን አይመርጥም፤ አርባ ዓመት ቡና የተጠራሩትን ሁለት ቤተ ሰቦች አንዱን ወደ ምሥራቅ፣ ሌላውን ወደ ደቡብ ይበትናል። ብዙ ባለ ዕጣዎችም ቤታቸውን ስለሚያከራዩ፤ ተከራዩም በኪራይ መወደድ ምክንያት ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፤ ስም ለስም ሳይተዋወቁ መለያየት የተለመደ ሆኗል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደርና በመልሶ ማልማት ሥራ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ቤተ ሰቦች ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። ቤት ሊተካ ይችላል፤ ሰፈር ግን ዕቃ ስላልሆነ በመኪና ተጭኖ አይሄድም።

ከተማ ጠባይን የሚለውጥባቸው አራት መንገዶች

የመጀመሪያው ብዛት ነው። ባላገር በመንገድ ያገኘውን ሁሉ ጤንነቱን፣ የቤቱን ደኅንነትና የከብቱን ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም። ይኸው ሰው ከመገናኛ እስከ መርካቶ ሲሄድ ላየው ሁሉ እንዲህ ሰላምታ ልስጥ ቢል ቀኑ ይመሽበታል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ጨምሯል። ስለዚህ ከተሜ ዐይኑን መስበር፣ ጆሮውን መዝጋት ይማራል። ጌዎርግ ዚመል የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1903 ዓ.ም. ስለ ታላላቅ ከተሞችና ስለ ሰው መንፈስ በጻፈው ጽሑፍ ይህንኑ አስረድቷል፤ የከተማ ሰው ኅሊናው በብዙ ነገር ስለሚናወጥ ራሱን ለመጠበቅ ሲል ቅዝቃዜንና ቍጥብነትን እንደ ልብስ ይደርባል ይላል። ይህ አስተያየት ትክክል ይመስለናል። ቍጥብነቱም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአት የሚሆነው በመንገድ የደረብነውን ልብስ ቤት ስንደርስ ሳናወልቀው ስንቀር ነው። በመርካቶ ሕዝብ መካከል ዝም ብሎ ማለፍ ግድ ነው፤ በአንድ ደረጃ የሚወጣንና የሚወርድን ሰው በመርካቶ ዐይን ማየት ግን በደል ነው።

ሁለተኛው ችኰላ ነው። ስለዚህ ነገር ለእኛ ለካህናት ተግሣጽ የሚሆን አንድ ምርመራ አለ። ዳርሊና ባትሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ በፕሪንስተን የሚገኝ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ደቀ መዛሙርትን እንዴት እንደ ፈተኑ ይገልጻሉ። 40 ደቀ መዛሙርት ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ተላኩ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ እንዲናገሩ የታዘዙት ስለ ሳምራዊው ምሳሌ ነበር። በመንገዳቸውም ላይ አንድ ሰው ተኰራምቶ እያሳለና እያቃሰተ እንዲቀመጥ ተደርጎ ነበር። ጊዜ እንዳላቸው ከተነገራቸው መካከል ከመቶ 63 ያህሉ ሊረዱት ሞከሩ፤ ሰዓቱ እንደ ደረሰ ከተነገራቸው ከመቶ 45 ያህሉ፤ እንደ ዘገዩ ከተነገራቸው ግን ከመቶ 10 ብቻ። ስለ ሳምራዊው ሊናገሩ መሄዳቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም፤ እንዲያውም ስለ ሳምራዊው ለመናገር ሲቸኵሉ የተቀመጠውን ሰው ተራምደው ያለፉ ነበሩ። እነዚህ ደቀ መዛሙርት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ምሳሌውንም ያውቁት ነበር። የጐደላቸው ዕውቀት ሳይሆን ጊዜ ነበር፤ ወይም ጊዜ የጐደላቸው መስሏቸው ነበር። ከቅዳሴ ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ ፍትሐት የምንሮጥ ካህናት ይህን ሰምተን በራሳችን እንመርምር።

ሦስተኛው መሰወር ነው። በባላገር ሰውን ከክፉ ሥራ የሚከለክሉት ሁለት አጥሮች ናቸው፤ አንዱ ይሉኝታ ነው፤ ሁለተኛው ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው። በመንደሩ ሁሉም የእገሌ ልጅ ብሎ ስለሚያውቀው ሰው እግዚአብሔርን ባይፈራ እንኳ ሰውን ያፍራል። ከተማ የይሉኝታን አጥር ያፈርሳል፤ ሁለተኛው አጥር በእውነት ተሠርቶ እንደ ነበረና እንዳልነበረ የሚታወቀውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ልጃችንን ከተማ አበላሸው ከምንል ይልቅ በይሉኝታ ጥላ ተሸፍኖ የነበረውን ገለጠው ብንል ይሻላል። በከተማ ያለ ታዛቢ የሚጾም፣ ያለ አመስጋኝ የሚመጸውት ሰው በእውነት ጾመ፣ በእውነት መጸወተ። መሰወር ግን ሌላም ፊት አለው፤ ኃጢአተኛ እንደሚሰወር ሁሉ በሽተኛና ብቸኛም ይሰወራል። ኃጢአቱን የሚያይ የሌለው ሰው እንባውንም የሚያይ የለውም።

አራተኛው ዋጋ ነው። በባላገር ቤት የሚሠራው በደቦ፣ ሐዘንተኛ የሚጽናናው በእዝን ነው፤ ውለታም ከዓመት ወደ ዓመት ይሻገራል። በከተማ ግን ለሁሉ ነገር ክፍያ አለው፤ ልጅ የሚጠብቅ ይከፈለዋል፤ ዕቃ የሚያወጣ ይከፈለዋል። ክፍያ ፍትሕ ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ሁሉን በክፍያ የለመደ ልብ ሲሰጡት የሚጠራጠር፣ ሲሰጥ የሚያሰላ ይሆናል፤ ወደ እግዚአብሔርም ሲቀርብ ስለትን እንደ ዋጋ፣ ጸሎትን እንደ ደረሰኝ መቍጠር ይጀምራል።

አንድ ጥያቄና መልሱ

ምናልባት አንድ ሰው ‹እንግዲያስ የቀድሞው ሰፈርና የባላገር ኑሮ ይሻል ነበር ማለት ነውን?› ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እንዲህ አንልም። ሁሉ የሚተዋወቅበት ስፍራ ሁሉ የሚተማማበትም ስፍራ ነው፤ ቂምም እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍበታል። በየሀገሩ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ሸማኔው በሞያቸው ሲናቁ ኖረዋል፤ ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳ ሠርተው የሚሸጡትን ነጠላና ቀሚስ ዛሬ ከተማው ሁሉ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። በትውልድ መንደሩ ስሙ የተሰደበበት ሰው በከተማ ስሙ ባለመታወቁ ዕረፍት አግኝቷል። እንዲህ ላለው ሰው ከተማ በእውነት መማፀኛ ሆናለታለች።

ደግሞም ጽድቅ በከተማ አይገኝም የሚል ካለ የአበውን ዜና ያንብብ። አባ እንጦንስ በበረሃ በታላቅ ተጋድሎ ሲኖር በከተማ ከእርሱ ጋር የሚተካከል አንድ ሰው እንዳለ ተገለጠለት፤ ያም ሰው ከሚያስፈልገው የተረፈውን ሁሉ ለድኾች የሚሰጥና ዘወትር ከመላእክት ጋር የሚያመሰግን ሐኪም ነበረ። የመነኮሳት አባት የከተማን ሐኪም አቻው እንደ ሆነ ከተቀበለ፤ እኛ ስፍራን ምክንያት አድርገን ልናመካኝ አንችልም።

ስለ ነፍስ አባትና ስለ ልጆቹ

ከላይ የተናገርነው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያደርሰናል። በቀድሞው ሰፈር የነፍስ አባት ልጆቹን በእግሩ ይዞራቸው ነበር፤ ጠበል ሲረጭ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ የማን መሶብ ባዶ እንደ ሆነ ያያል። ዛሬ ከልጆቹ አንዱ በጀሞ፣ አንዱ በየካ አባዶ፣ አንዱ በኮዬ ፈጬ ይኖራል። በስልክ ካልሆነ አይገናኙም፤ በስልክም መሶብ አይታይም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ለአራስ ቤት ጠበል ለመርጨት ተጠርተን ሄደን ነበር። ጸሎቱን ጀምረን ሳለ የትይዩው በር ተከፈተና አንዲት አረጋዊት እናት ግድግዳውን ተደግፈው ወጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከልጃቸው ጋር በዚያ ቤት ኖረዋል። ሕንፃው አሳንሰር የለውም፤ ጕልበታቸውም ደረጃውን አይችልም። ሁለት ዓመት ቅዳሴ አላስቀደሱም፤ ሥጋወደሙ አልተቀበሉም። ቀድሞ ከሚኖሩበት ሰፈር ቤተ ክርስቲያኑ የሠላሳ እርምጃ ያህል መንገድ ነበረ። የአራሷ እናት በመካከላቸው ያለው ወለል ከሦስት እርምጃ የማይበልጥ ሆኖ ሳለ ስማቸውን አታውቅም ነበር፤ ክፉ ሴት ስለ ሆነች አይደለም፤ ማለዳ ወጥታ ማታ ትገባለች፤ በሩም ዝግ ነው። በዚያው ቀን ነገሩን የሰሙ የሕንፃው ወጣቶች ተማክረው፤ ወር በገባ በ21 ቀን እናታችንን በወንበር ተሸክመው እያወረዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ማድረስ ጀመሩ። ከተሸካሚዎቹም መካከል አንዱ ሙስሊም ነበረ። በአንድ ቀን ጎሩ ሁሉ ቢጽ ሆነ። የጐደለው ፍቅር አልነበረም፤ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ነበር እንጂ።

እንዲህ ተሰውረው የሚኖሩ ስንት እናቶችና አባቶች ይኖሩ ይሆን? በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንለዋወጥ ሲያዝዝ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እጅ እንነሣለን። እጅ የነሣነው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ባለፈው እሑድ ከአጠገባችን ቆሞ የነበረውም ዛሬ ለምን እንደ ቀረ ጠይቀን እናውቃለንን?

ምን እናድርግ

ይህ ችግር ለቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም። በኢየሩሳሌም የምእመናን ቍጥር በበዛ ጊዜ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለታዊው እደላ ስለ ተረሱ ማጕረምረም ሆነ (ሐዋ. 6፥1-6)። ሐዋርያት ሕዝቡ በዛ ብለው አላመካኙም፤ ሰባት ዲያቆናትን ሾሙ እንጂ። ስለዚህ የዲቁና ሹመት መነሻው በከተማ የተረሱ ሴቶች ናቸው ብንል አንሳሳትም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን 3,000 መበለቶችንና ደናግልን በመዝገብ ይዛ በየቀኑ ትረዳ እንደ ነበር ይናገራል። ቅዱስ ባስልዮስም በቂሣርያ ከተማ ዳር ለድኾች፣ ለእንግዶችና ለለምጻሞች ታላቅ ማረፊያ ሠራ። አባቶቻችን የከተማን ብዛት በመዝገብና በሹመት፣ በሥርዓትና በሥራ ተቋቋሙት።

ስለዚህ ካህናት የየአጥቢያችንን ምእመናን በሕንፃና በፎቅ ለይተን በመዝገብ እንያዝ፤ ለየሕንፃውም ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ከዲያቆናት ጠያቂዎችን እንመድብ። ልጁ ሩቅ ሰፈር የሄደበት የነፍስ አባትም ልጁን በቅናት ይዞ ከማስቀረት ይልቅ ባርኮ በአቅራቢያው ላለ ካህን አደራ ይስጥ። ገጠር ያገለገሉ አባቶች በሽተኛ ለመጠየቅ ዳገት ይወጡ ነበር፤ ለከተማ ካህን ዳገቱ ደረጃ ነው።

ምእመናን ሆይ፤ እግዚአብሔር የከተማውን ሚሊዮን ሕዝብ በስም እንድታውቁ አልጠየቃችሁም። በአንድ ወለል ላይ የሚኖሩት ግን ጥቂት ቤተ ሰቦች ናቸው። እነርሱን በስም ዕወቁ። አዲስ ጎረቤት ሲገባ ዳቦ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከአቦል እስከ በረካ የሚያስቀምጥ ጊዜ ባይኖራችሁ አቦሉን ብቻ አጠጡት። የሰው ቤት የምታገለግለውን ልጅ እግርና በበር የሚቆመውን ዘበኛ በስማቸው ጥሩ፤ በከተማ ከሁሉ ይልቅ የሚሰወሩት እነርሱ ናቸውና።

የዕድር ሹማምንት ሆይ፤ ተከራይ ነው ብላችሁ ማንንም ከመዝገብ አታርቁ፤ ሞት የቤት ካርታ አይጠይቅምና። ደግሞም ለሞተ ድንኳን የሚተክል ዕድር ለታመመ ደረጃ ሊወጣ ይገባዋል። በየጋራ መኖሪያው ግቢ ለነዋሪው በኅብረት እንዲያገለግል የተሠራው ቤት ተዘግቶ ወይም ለኪራይ ተሰጥቶ እንዳይቀር፤ ለሐዘኑም ለደስታውም መሰብሰቢያ ይሁን። ማኅበርና ሰንበቴ ያላችሁም ጽዋውን በዱሮ ወዳጆች መካከል ብቻ አታዙሩት፤ በየወሩ አንድ ለማንም ያልታወቀ ሰው ጥሩበት።

ማጠቃለያ

በዚህ ዓለም ጸንታ የምትኖር ከተማ የለችንም፤ የምትመጣውን እንጠብቃለን (ዕብ. 13፥14)። ነገር ግን የምንጠብቃት እርስዋም ከተማ እንደ ሆነች አንርሳ። ቅዱስ ዮሐንስ በራእዩ ያያት ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ዐሥራ ሁለት በሮች አሏት፤ በሮችዋም ከቶ አይዘጉም (ራእ. 21፥12-25)። ቃየን የጀመረውን እግዚአብሔር አልናቀውም፤ አነጻው እንጂ። በሮችዋ በማይዘጉ ከተማ ለዘለዓለም ለመኖር ተስፋ የምናደርግ ሰዎች ከሆንን፤ እንዴት እንደሚኖርባት ከአሁኑ ልንለማመድ ይገባናል። ልምምዱም ሩቅ አይደለም፤ ከትይዩው በር ይጀምራል።

እግዚአብሔር አምላካችን የተራራቀውን የሚያቀራርብ፣ የተሰወረውንም የሚያይ ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።